ከአንድ ማርሽ እስከ ዐሥራ አራት፦ የውድድር ሞተር ብስክሌት ታሪክ በጥርስ ቆጠራ ሲነበብ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፤ ሙሉ ጽሑፍ)



ርእሴ ለታሪክ ተማሪ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ውሎችና ስለ ጦርነቶች ስናጠና ምንጮቻችን ሰነዶች ናቸው። ስለ ቴክኖሎጂ ስናጠና ግን ከምንጮቻችን አንዱ ራሱ ብረቱ ነው፤ ብረት ደግሞ እንደ ሰነድ ሁሉ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ዛሬ የማነበው ብረት የድሮው የውድድር ሞተር ብስክሌት ማርሽ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ላስቀድም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ ቃላት ደግሞ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቴና፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ የሚሉትን የጋራዥ ቃላት ሳልተረጉም እጠቀምባቸዋለሁ። መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ ወርሰው የራሳቸው ያደረጓቸው ቃላት ናቸውና ለጉዳዩ ከእነርሱ የተሻለ የለም።

1. ጥያቄው

በ1967 የጃፓኑ ሱዙኪ ኩባንያ በዓለም ሻምፒዮና ያሰለፈው ትንሹ ሞተር ብስክሌት የሲሊንደሮቹ ይዘት በድምሩ 50 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ነበር፤ ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ ከ17,000 ዙር በላይ ይሽከረከር ነበር፤ ካምቢዮው ደግሞ 14 ማርሽ ነበረው። ከዚያ ስድሳ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1907፣ በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል በምትገኘው አይል ኦፍ ማን በተባለችው ደሴት የመጀመሪያው የቱሪስት ትሮፊ ውድድር ሲካሄድ፣ የዘመኑ የተለመደ ሞተር ብስክሌት አንድ ማርሽ ብቻ የነበረው፣ ኃይሉንም በቆዳ ቺንጋ ወደ ኋላ እግር የሚያስተላልፍ ነበር። በ1969 ደግሞ በ50 ሴንቲ ሜትር ኩብ ምድብ ከስድስት ማርሽ በላይ መጠቀም በደንብ ተከለከለ።

አንድ፣ ዐሥራ አራት፣ ስድስት። ቴክኖሎጂ ሁልጊዜ ወደ ፊትና ወደ ብዙ ይሄዳል ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ቅደም ተከተል እንቆቅልሽ ነው። ከዐሥራ አራት ወደ ስድስት የተመለሰው ለምንድን ነው? መጀመሪያውንስ ዐሥራ አራት ለምን አስፈለገ?

የዛሬው መከራከሪያዬ አጭር ነው። የማርሽ ቁጥር የመሐንዲሱ ብልሃት መለኪያ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ ሊሰጥ በሚችለውና ጎዳናው በሚጠይቀው መካከል ያለው ርቀት መለኪያ ነው። ርቀቱ ሲሰፋ ማርሽ ይበዛል፤ ሲጠብ ይቀንሳል። ስለሆነም የማሽኑን ታሪክ ከሚሮጥበት ጎዳና ነጥለን ልንጽፈው አንችልም።

2. ዳገቱ ያስተማረው

የ1907ቱ ውድድር የተካሄደው ሴንት ጆንስ ከተባለ መንደር ተነስቶ በሚመለስ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የገጠር መንገድ ላይ ነበር። በዚያ ዓመት ፔዳል ተፈቅዶ ስለነበር ሞተሩ ዳገት ላይ ሲደክም ጋላቢው በእግሩ ያግዘው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ፔዳል ተከለከለ። አንድ ማርሽ ያለው ሰው ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፦ ለዳገት የሚስማማውን መርጦ ሜዳው ላይ መዘግየት፣ ወይም ለሜዳ የሚስማማውን መርጦ ዳገቱ ላይ መቆም።

በ1911 አዘጋጆቹ ውድድሩን ወደ ተራራው አወጡት። አዲሱ ጎዳና አንዱ ዙር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ በስኔፌል ተራራ ትከሻ በኩል ከ400 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያ ዓመት በዋናው ምድብ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት የአሜሪካው ኢንዲያን ኩባንያ ሞተር ብስክሌቶች ነበሩ፤ አንደኛው ጋላቢ ኦሊቨር ጎድፍሬይ ይባላል። የኢንዲያን ልዩነት ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንና የካቴና ማስተላለፊያ ያለው መሆኑ ነበር። በ1912ና በ1913ም ካቴናና ሁለት ማርሽ የነበረው ስኮት አሸነፈ።

እዚህ ላይ የድል ታሪክ ብቻ እንዳንጽፍ መጠንቀቅ አለብን። ቺንጋው በአንድ ቀን አልተሸነፈም። የመዘውሩን ስፋት እየቀያየረ በቺንጋ የሚሠራው ራጅ መልቲ በ1914 ዋናውን ውድድር አሸንፏል። ሁለቱ መፍትሔዎች ለዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋል። ሁለቱንም ያስወለደው ግን ያው ዳገት ነው። ተራራው ባይኖር ኖሮ ካምቢዮ የኋላ ኋላ መምጣቱ ባይቀርም በዚያ ፍጥነት የሚያስመጣው ምክንያት አልነበረም።

3. የአንድ ጥርስ ዋጋ

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ የሚያስፈልገን ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ኃይል በሁለት ካቴናዎች ይጓዛል። የመጀመሪያው ከሞተሩ ዘንግ ወደ ፍሪሲዮኑ፣ ሁለተኛው ከካምቢዮው ወደ ኋላ እግር። በእያንዳንዱ ካቴና ጫፍ ባለጥርስ መዘውር አለ። የጥርሶቹ ብዛት በመካኒኩ እጅ ነው፤ ካምቢዮውን ሳይከፍት በጥቂት ደቂቃዎች ሊቀይራቸው ይችላል።

ለምሳሌ ያህል በሞተሩ ዘንግ ላይ 22፣ በፍሪሲዮኑ ላይ 44፣ በካምቢዮው መውጫ ላይ 21፣ በኋላ እግር ላይ 42 ጥርስ አለ እንበል። እያንዳንዱ ካቴና ዙሩን በግማሽ ይቀንሰዋል፤ በድምሩ ሞተሩ አራት ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ዙር የሚችል፣ የጎማው ዙሪያም 2.08 ሜትር ከሆነ፣ በከፍተኛው ማርሽ ፍጥነቱ በሰዓት 218 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አሁን የኋላውን 42 ወደ 43 እንቀይር፤ በዚያው 7,000 ዙር ፍጥነቱ ወደ 213 ይወርዳል። በሱ ፈንታ የሞተሩን 22 ወደ 21 ብንቀይር ደግሞ ወደ 208 ይወርዳል። ከፊት የሚነሣ አንድ ጥርስ ከኋላ የሚጨመሩ ሁለት ጥርሶችን ያህል ይመዝናል። ስለዚህ መካኒኩ ትልቁን ምርጫ ከፊት፣ ጥቃቅኑን ማስተካከያ ከኋላ ያደርጋል።

በሰዓት ዐሥር ኪሎ ሜትር መቀነስ ኪሳራ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በሌላ በኩል ትርፍ አለው። ዙሩ ሲቀነስ ጎማውን የሚያዞረው ጉልበት በዚያው መጠን ይጨምራል፤ ከመታጠፊያ ሲወጣ ሞተሩ ቶሎ ይነሣል። ረጅም ቀጥተኛ መንገድ ባለበት ጎዳና የመጀመሪያው ምርጫ ያሸንፋል፤ መታጠፊያ በበዛበት ሁለተኛው። የቤልጂየሙ ስፓ ፍራንኮርሻም በዚያን ዘመን አንዱ ዙር 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ጋላቢው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ይጋልባል። የባርሴሎናው ሞንትዩይክ በአንጻሩ ከ4 ኪሎ ሜትር ያነሰ፣ በከተማ ኮረብታ ላይ እየወጣ እየወረደ የሚጠማዘዝ ነበር። አንድ ማሽን በሁለቱም ላይ በአንድ ዓይነት ጥርስ ሊሮጥ አይችልም።

የተሳሳተ ምርጫ ዋጋ ያስከፍላል። ማርሹ ከመጠን በላይ ረጅም ከሆነ፣ የፊት ለፊት ነፋስ ሲነሣ ሞተሩ ጉልበቱ ያለበት ዙር ላይ መድረስ ያቅተዋል፤ ጋላቢው ከአራተኛው ይልቅ በሦስተኛው ማርሽ ፈጥኖ ይሄዳል። ከመጠን በላይ አጭር ከሆነ ደግሞ ቁልቁለት ላይ፣ ወይም እንደ ሞንዛ ባለ ፈጣን ጎዳና ሌላው ተወዳዳሪ ነፋሱን ሲከፍትለት፣ ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር ያልፋል። ያን ጊዜ የቫልቭ ሞላዎቹ ቫልቮቹን በሰዓቱ መመለስ ያቅታቸዋል፤ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተሩ ይሰበራል። በዚያ ፍጥነት የተሰበረ ሞተር የኋላውን እግር ቆልፎ ጋላቢውን ሊጥለው ይችላል። ስለሆነም አንድ ጥርስ የደቂቃ ክፍልፋይ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የሕይወትም ጉዳይ ነበር።

በአማርኛችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። የፈረስ ጉልበትም እንዲሁ ነው። ኩባንያዎቹ በማስታወቂያ የሚነግሩን ጉልበቱን ነው፤ ከጎዳናው ጋር የሚዋጋው ግን ጉልበቱን ለመንገዱ የሚያስማማው ሰው ነው።

4. ኖርተን ማንክስ፦ ሞተሩን ለጎዳናው ማዘጋጀት

ለዚህ ጥበብ ከብሪታንያው ኖርተን ማንክስ የተሻለ ምሳሌ የለም። ስሙን ያገኘው ከዚያችው ደሴት ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ማርሽ ማሽን ሲሆን፣ የ500ው ዓይነት በዘመኑ መጨረሻ በ7,000 ዙር አካባቢ 50 ያህል የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። የጣሊያኖቹ ጂሌራና ኤም ቪ አጉስታ ባለ አራት ሲሊንደር ማሽኖች በጉልበት ይበልጡት ነበር። ማንክስ ግን ለግለሰብ ተወዳዳሪ የሚሸጥ ስለነበር በየአገሩ ባሉ ትናንሽ ጋራዦች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሊያጠኑት ቻሉ።

ካምቢዮው አራት ማርሽ ቢኖረውም ማርሾቹ እርስ በርሳቸው የተቀራረቡ ነበሩ። አራተኛው አንድ ለአንድ ሲሆን፣ ሦስተኛው ወደ 1.10፣ ሁለተኛው ወደ 1.33፣ አንደኛው ወደ 1.77 ነበር። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሲቀየር ሞተሩ ከ7,000 ወደ 6,360 ዙር ብቻ ይወርዳል፤ ማለትም ጉልበቱ ካለበት ቦታ አይወጣም። የዚህ ዕዳ የሚከፈለው በአንደኛው ማርሽ ነው። ቀደም ባለው ምሳሌያችን መሠረት አንደኛው ማርሽ ብቻውን በሰዓት 123 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል! እንዲህ ያለ ማሽን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚታለፍ መታጠፊያ ሲገጥመው ሞተሩ ወደ 1,700 ዙር ይወርዳል፤ በዚያ ዙር ደግሞ ሞተሩ ከሞላ ጎደል ሞቷል።

ጉዳዩን የሚያባብሰው ማርሚታው ነበር። የማንክስ ማርሚታ ጫፉ እንደ መለከት የተከፈተ ነው። በከፍተኛ ዙር በጭስ ቱቦው ውስጥ የሚመላለሰው የግፊት ሞገድ የተቃጠለውን ጋዝ ስቦ ስለሚያወጣ ጉልበት ይጨምራል። ከተወሰነ ዙር በታች ግን ያው ሞገድ በተሳሳተ ሰዓት እየተመለሰ የአየሩንና የቤንዚኑን ድብልቅ ያናጋዋል፤ ሞተሩ ይታነቃል። ስለዚህ ጋላቢው በራምሴ ወይም በገቨርነርስ ብሪጅ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ እያንሸራተተ ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ያቆየዋል። በወረቀት ላይ አራት የሆነው ማርሽ፣ በጋላቢው ግራ እጅ አምስተኛ ይጨመርለት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከጥርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ካርቡራቶሩ ነው። በውስጡ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ስፋቷ በሰው እጅ የሚቀየር ነው። ቀዳዳዋ ከሰፋች ቤንዚን ይበዛል፤ ሞተሩ ይደክማል። ከጠበበች ቤንዚን ያንሳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተኑም ሊቀልጥ ይችላል። ልኩ የሚታወቀው በካንዴላ ነበር። ጋላቢው በልምምድ ሰዓት ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ሲሮጥ በአንድ ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፍሪሲዮኑን ይዞ ይቆማል፤ መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን ያያል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አደጋ ደርሷል፤ የቡና ዓይነት ቀለም ከያዘ ልክ ነው።

ይህ ልክ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አየሩ ሲሳሳ በዚያችው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛበታል። በአይል ኦፍ ማን ተራራ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአራት በመቶ ያህል ይሳሳል፤ መካኒኩ ለታችኛው መንገድ ያስተካከለው ድብልቅ ከላይ ትንሽ ይከብዳል። ተቃራኒውን መምረጥ ማለትም ለተራራው ማስተካከል ግን ከታች ሞተሩን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ትንሽ ጉልበት መሥዋዕት ማድረግ ይመረጥ ነበር። ለንጽጽር ያህል፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ በምትለው አዲስ አበባ አየሩ በሃያ በመቶ ያህል የሳሳ ነው። በባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር ያለው ሞተር እዚህ መጥቶ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በ1961 በአይል ኦፍ ማን ዋናው ውድድር ላይ ማይክ ሄይልዉድ በቢል ሌሲ የተዘጋጀ ኖርተን ይዞ ተሰለፈ። ፊት ፊት ይመራ የነበረው የጋሪ ሆኪንግ ባለ አራት ሲሊንደር ኤም ቪ ችግር ገጥሞት ሲወጣ፣ ሄይልዉድ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ አማካይ ፍጥነት አሸነፈ። ይህን ድል የዕድል ብቻ አድርጎ መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን ስድስት ዙር፣ ማለትም ከ360 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በሙሉ ኃይሉ ሮጦ ያልተሰበረ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የትክክለኛ ዝግጅት ምስክር ነው። ጉልበት የነበረው ቆመ፤ ልኩን ያገኘው ደረሰ።

5. ጉልበቱ ሲጨምር ክልሉ ጠበበ

በዚያው 1961 ነገሩን የሚለውጥ እውቀት በምሥራቅ ጀርመን ዞፓው ከተማ በሚገኘው የኤም ዜድ ፋብሪካ በስሎ ነበር። መሐንዲሱ ዋልተር ካደን ይባላል። ካደን ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ የማርሚታውን ቅርጽ አጥንቶ፣ መጀመሪያ እየሰፋ ከዚያ እየጠበበ የሚሄድ ቱቦ አበጀ። የሚመለሰው የግፊት ሞገድ ከሲሊንደሩ ሊያመልጥ የነበረውን ትኩስ ድብልቅ መልሶ ያስገባዋል። በዚህ መንገድ የ125 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ በአንድ ሊትር ሲሰላ 200 ማለት ነው።

ነገር ግን ሞገዱ ቱቦውን አቋርጦ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ በቱቦው ርዝመት የተወሰነ ነው። ሞተሩ ከዚያ ጊዜ ጋር የሚገጥመው በተወሰነ የዙር ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ከክልሉ በታች ሞገዱ ይቀድማል፣ ከክልሉ በላይ ይዘገያል፤ በሁለቱም ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። እንግዲህ ጉልበቱን ያበዛው ምክንያትና ክልሉን ያጠበበው ምክንያት አንድ ናቸው። ሞተሩ የሚሰጠው ሲጠብ ጎዳናው የሚጠይቀው አልጠበበም፤ በመካከል ያለውን ርቀት የሚሞላው ማርሽ ብቻ ነበር።

ይህ እውቀት ድንበር የተሻገረበት መንገድ የቀዝቃዛው ጦርነት ታሪክ አካል ነው። የበርሊን ግንብ መሠራት ከጀመረ ከአንድ ወር በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1961፣ የኤም ዜድ ጋላቢ ኤርንስት ዴግነር ሻምፒዮናውን እየመራ በስዊድን ክርስቲያንስታድ ተወዳደረ። ሞተሩ ተበላሸበት፤ ከውድድሩም በኋላ ወደ ምሥራቅ ጀርመን አልተመለሰም። ከካደን ጋር ሲሠራ ያገኘውን እውቀት ይዞ ወደ ሱዙኪ ሄደ። በ1962፣ የ50 ሴንቲ ሜትር ኩብ ምድብ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና ሲሆን፣ አሸናፊው ዴግነር ነበር፤ የጋለበውም ባለ ስምንት ማርሽ ሱዙኪ። የጀርመኑ ክራይድለር በበኩሉ በእግር የሚቀየሩ አራት ማርሾችን በእጅ ከሚቀየሩ ሦስት ጋር አጣምሮ ዐሥራ ሁለት አደረሰ። ሱዙኪም በባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሩ ላይ ዐሥራ አራት ደረሰ።

ሆንዳ ባለ ሁለት ምት ሞተርን ትቶ በባለ አራት ምት ጸና። መንገዱ ቢለይም የደረሰበት ቦታ ተመሳሳይ ነው። በ1966 ያሰለፋቸውን ማሽኖች ብንደረድራቸው፣ የ500ው ስድስት ማርሽ፣ የ250ው ሰባት፣ የ125ቱ ስምንት፣ የ50ው ዘጠኝ ማርሽ ነበረው። ይህን ቅደም ተከተል ተማሪዎቼ በማስታወሻቸው እንዲይዙት እፈልጋለሁ፤ ከብዙ ገጽ ማብራሪያ በላይ ይናገራልና። ትንሽ ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ዙር በመጨመር ብቻ ነው። የሆንዳው 50 በደቂቃ ከ20,000 ዙር በላይ ይዞር ነበር። ዙሩ በጨመረ ቁጥር ጉልበት የሚገኝበት ክልል ይጠብባል፤ ክልሉ በጠበበ ቁጥር አንድ ማርሽ ይጨመራል።

የጋላቢውንም ድካም እናስብ። በሞንትዩይክ ባሉት መታጠፊያዎች መካከል የዐሥራ አራት ማርሽ ጋላቢ እግሩ አያርፍም። ዓይኑ ከመንገዱና ከዙር መቁጠሪያው አይነቀልም፤ ጆሮው ሞተሩን ይከታተላል። ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚቀባው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ስለሆነ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ ቅባቱም ይቀንሳል፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሊነክስ ይችላል። ልምድ ያለው ጋላቢ ጣቱን ከፍሪሲዮኑ አያነሣም ነበር። ሞተሩ ሲነክስ ፍሪሲዮኑን ለመያዝ ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነውና።

6. ስድስት የተባለበት ምክንያት

ዓለም አቀፉ የሞተር ብስክሌት ፌዴሬሽን የ50ውን ምድብ ከ1969 ጀምሮ በአንድ ሲሊንደርና በስድስት ማርሽ፣ የ125ቱንና የ250ውን ምድብ ከ1970 ጀምሮ በሁለት ሲሊንደርና በስድስት ማርሽ ወሰነ። ሆንዳና ሱዙኪ ከ1968ቱ የውድድር ዘመን በፊት፣ ያማሃም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከፋብሪካ ውድድር ወጥተው ነበር። የ1969 የ50ው ሻምፒዮና ዴርቢ በተባለው የስፔን ማሽን ለጋለበው ለአንኸል ኒኤቶ ሆነ።

ደንቡን በሁለት መንገድ ልንፈርደው እንችላለን። ነቃፊዎቹ የቴክኖሎጂን ቤተ ሙከራ ዘጋ ይላሉ፤ እውነት አላቸው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ሆንዳው ባለ አምስት ሲሊንደር 125 ያለ ማሽን አልታየም። ደጋፊዎቹ ደግሞ ወጪውን መሸከም ለማይችሉ ትናንሽ ፋብሪካዎች በር ከፈተ ይላሉ፤ የዴርቢ ድል ለዚህ ማስረጃ ነው።

እኔ ግን ሦስተኛ ነገር ልጨምር እወዳለሁ። ደንቡ ሥራውን አላስቀረውም፤ ቦታውን ቀየረው እንጂ። ማርሽ መጨመር የማይችል መሐንዲስ የሞተሩን ክልል ማስፋት ግድ ሆነበት። ለየጎዳናው ማስማማትም እንደገና ወደ ኋላው መዘውርና ወደ ካርቡራቶሩ ተመለሰ። ባለ ዐሥራ አራት ማርሽ ካምቢዮ ሊሠራ የሚችለው ትልቅ ፋብሪካ ብቻ ነው፤ የኋላ መዘውር ግን ማንኛውም ጋራዥ ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ ደንቡ የእውቀቱን ባለቤትነት ከፋብሪካው ወደ መካኒኩ በከፊል መለሰው። ታሪክ ጸሐፊ ስለ ደንብ ሲጽፍ ምን ተከለከለ ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ የተከለከለው ሥራ ወዴት ሄደ ብሎ መጠየቅ አለበት።

7. መዘውሩ እንደ ሰነድ

በመጨረሻ ወደ ሙያችን ልመለስ። በሙዚየም የቆመ የድሮ የውድድር ሞተር ብስክሌት ስናይ መግለጫ ጽሑፉ የሚነግረን ዓመተ ምሕረቱን፣ ጉልበቱንና የጋላቢውን ስም ነው። ከኋላ እግሩ ላይ ያሉትን ጥርሶች የሚቆጥር ጎብኚ ግን ሌላ ነገር ያነባል። ጥርሱ ጥቂት ከሆነ ማሽኑ መጨረሻ የሮጠው ፈጣን ጎዳና ላይ ነው፤ ብዙ ከሆነ ጠመዝማዛ ላይ። የካርቡራቶሩ ቀዳዳ ስለ ከፍታውና ስለ አየሩ ይመሰክራል። እነዚህ መካኒኩ ሳያውቅ የጻፋቸው ሰነዶች ናቸው።

ሰነዶቹ ግን ያለ ድምፅ ይጠፋሉ። ማሽኑን የሚያድስ ሰው ያረጀውን መዘውር ጥሎ የሚያብረቀርቅ አዲስ ሲገጥም፣ ጥርሱን ካልመዘገበ አንድ ገጽ ቀድዷል። ዛሬ በእነዚህ ማሽኖች የሚወዳደሩ ሰዎችም ተመሳሳይ ፈተና አለባቸው። የአሁኑ ጎማ ዙሪያው ከ2.08 ወደ 2.00 ሜትር ቢያጥር ብቻ የአራት በመቶ ለውጥ ያመጣል፤ ይህም በሞተሩ ዘንግ ላይ አንድ ጥርስ እንደ መቀነስ ያህል ነው። የአባቶቻቸውን የጥርስ ቁጥር እንዳለ የሚገለብጡ ሰዎች ሳያውቁት ስልሳ ዓመት ያስቆጠረውን ሞተር ከልኩ በላይ ያዞሩታል። ቁጥሩ ብቻውን እውቀት አይደለም፤ ቁጥሩን ያስመረጠው ምክንያት አብሮት ካልተላለፈ ጎጂ ነው።

ይህ ለእኛም ይጠቅማል። በአገራችን የሚሠራባቸው ሞተሮች አብዛኞቹ በሌላ ከፍታ፣ በሌላ አየር፣ ለሌላ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ለእኛ ዳገትና ለእኛ አየር የሚያስማሟቸው መካኒኮች በየጋራዡ አሉ፤ እውቀታቸው ግን ከእጃቸው አልፎ ወደ ወረቀት አልደረሰም። ከተማሪዎቻችን መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ካለ፣ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ከእነዚህ ሰዎች አጠገብ ይቀመጥ፤ የትኛውን ክፍል ቀየራችሁ፣ ስንት ነበር፣ ስንት አደረጋችሁት፣ ለምን ብሎ ይጠይቅ። አራቱን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው የያዘ ደብተር ነገ ለሚመጣ ታሪክ ጸሐፊ ምንጭ ይሆናል።